ሁለት ኩንታል ተኩል በአንድ እግር

ቅዳሜ ከሰዓት

ነገሩ የጀመረው በጭስ ነው። ሦስት ሳምንት የቆመችውን ሞተር ሳይክል ዛሬ ሳስነሳት ግቢው በነጭና በሰማያዊ ጭስ ታፈነ። እማማ፣ የአከራዬ ባለቤት፣ ከማድ ቤት ወጥተው «ልጄ፣ ምኑን አቃጠልከው?» አሉኝ። ልብስ አስጥተው ስለነበር ጥፋቴ እጥፍ ሆነ።

ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ጭሱ ጠፋ። ድምፁም ደህና ነው። ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም፣ ምክንያቱም ሞተሯ የእኔ አይደለችም። አደራ ናት። አንድ ወዳጄ ለሥራ ውጭ አገር ሲሄድ «አንተ ጋ ትቆይልኝ፣ አልፎ አልፎ አስነሳት» ብሎ ቁልፉን ጥሎልኝ ሄደ። እኔም በደስታ ተቀበልኩ። ያኔ ክብደቷን አላሰብኩትም።

ለማያውቃት፦ ቢ ኤም ደብሊው አር 1150 ጂ ኤስ ናት። ሁለቱ ሲሊንደሮቿ ግራና ቀኝ እንደ ክንፍ ወጥተዋል። ይህ አሠራር ቦክሰር ይባላል፤ ኩባንያው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1923 ካወጣት የመጀመሪያዋ ሞተር ሳይክሉ ጀምሮ የያዘው ነው። ደሴ ውስጥ ግን ይህን መናገር መዘዝ አለው። «ቦክሰር ናት» ስል ሰው ሁሉ የሚመጣለት የባጃጅ ኩባንያ ትንሿ ሞተር፣ ቦክሰር ናት። ያቺን ደግሞ የሰፈር ጎረምሳ ስልክ እያወራ ስታንድ ላይ ያወጣታል። ይቺኛዋ 22 ሊትር ቤንዚኗን ጠጥታ 249 ኪሎ ትመዝናለች። ሁለት ኩንታል ተኩል ጤፍ አስቡ፤ ያንን ጤፍ ደግሞ በሁለት ጎማ ላይ አቁሙት።

የጭሱ ምክንያት አቋቋሟ ነው። በጎን ስታንድ ስትቆም ወደ ግራ ታጋድላለች። ግራው ሲሊንደር ዝቅ ስለሚል ዘይት ቀስ እያለ ወደዚያ ይሰርጋል፣ ስትነሳ ይቃጠላል። ለአንድ ለሁለት ቀን ችግር የለውም። ለሳምንታት ስትቆም ግን በመሐል ስታንድ፣ ማለትም ከሥሯ ባለው ባለ ሁለት እግር ማቆሚያ፣ ቀጥ ብላ ብትቆም ይሻላል። የዘይት ልኳም በትክክል የሚነበበው ቀጥ ስትል ብቻ ነው። በሞተሩ ግራ ጎን ታች ላይ ክብ መስታወት አለች፤ ሞተሩ ከሞቀና ትንሽ ከረጋ በኋላ ዘይቱ በእሷ ውስጥ ይታያል። አጋድላ ቆማ ካየኋት መስታወቷ ትዋሻለች።

ስለዚህ የዛሬው ሥራ አንድ ነው፤ የመሐል ስታንድ ላይ ማውጣት። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም ብዬ ነበር።

አወጣጡ ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ነው። በግራ ጎኗ ትቆማለህ፣ ግራ እጅህ መሪውን ይይዛል፣ ቀኝ እጅህ ከመቀመጫው ኋላ ያለውን መያዣ። ከስታንዱ ወጣ ያለች ትንሽ መርገጫ ብረት አለች። እሷን በቀኝ እግርህ ረግጠህ ወደ ላይ ትስባለህ። እኔም ረገጥኩ፣ ሳብኩ። ምንም። ትንፋሼን ይዤ ሳብኩ። ከፍ አለች፣ አየችኝ፣ ተመለሰች።

ስድስት ጊዜ ሞከርኩ። በሰባተኛው ወገቤ ውስጥ የሆነ ነገር ቋ አለ፣ ተውኩት። እማማ በረንዳው ላይ ሆነው ሽሮ እየነፉ ነበር። ምንም አላሉም። ባይሉም ገብቶኛል።

እሑድ ጠዋት

ሰፈር ውስጥ ሞተር የሚሠራ ልጅ ጠራሁ። ትናንሾቹን ሞተሮች ሲፈታ ሲገጥም አይቼዋለሁ፣ እጁ ፈጣን ነው። ይቺን ሲያይ ግን ዙሪያዋን ሁለት ጊዜ ዞረና «ይሄማ መኪና ነው» አለ። ያኔ ነበር አመስግኜ መሸኘት የነበረብኝ።

የሱ ዘዴ ጉልበት መጨመር ነው። ረዳቱ ከኋላ ዕቃ መጫኛውን ይዞ ያነሳል፣ እሱ ስታንዱን ይረግጣል፣ እኔ በቀኝ በኩል ቆሜ «እንዳትወድቅ» እጠብቃለሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት! ረዳቱ ከሁላችንም ቀድሞ አነሳ። ሞተሯ ከስታንዱ ሁለት እግሮች አንዱን ብቻ ረግጣ ተጠማዘዘች፣ ወደ እኔ መጣች። መያዝ? 249 ኪሎ አንዴ ካጋደለ አይያዝም። ዘልዬ ወጣሁ። ደግ አደረግሁ።

የቦክሰር ደግነቱ ሲወድቅ ጨርሶ አይዘረጋም፤ የሲሊንደሩ ራስ መሬት ነክቶ ይይዘዋል። ያም ሆኖ የቀኙ ሲሊንደር ክዳን ላይ ሁለት ጭረት ወጥቷል፤ አንዱ የጣቴን ርዝመት ያህላል። ለሦስት ተጋግዘን አቆምናት። ልጁ «ስታንዱ ነው ችግሩ፣ ይቀየር» ብሎ የመምጫ 300 ብር ተቀብሎኝ ሄደ።

ለባለቤቷ አልነገርኩም። ገና ነኝ።

እሑድ ከዐሱር በኋላ

ሐጂ ከመስጊድ ሲመለሱ እማማ ቡና አፍልተው ጠበቁ። እኔም ወገቤን ይዤ ተቀመጥኩ። ሐጂ አከራዬ ናቸው፣ ወደ ሰባ አምስት ይጠጋሉ፣ ቀጭን ናቸው። ጉልምስናቸውን የጨረሱት አሰብ መስመር ላይ በፊያት ኤንትሬ የጭነት መኪና ነው። ከኮምቦልቻ ተነስቶ በባቲ መውረድ፣ በሚሌ አድርጎ የአፋርን በረሃ ማቋረጥ፣ ወደብ ደርሶ ጭኖ መመለስ። በ1990 ጦርነቱ ሲነሳ መስመሩ ተዘጋ። ስለ ጭነትና ስለ ዳገት ሲያወሩ ግን አሁንም ትናንት የተመለሱ ነው የሚመስሉት።

የጠዋቱን ጉድ እማማ ነግረዋቸዋል። አቦሉን ፉት ብለው «ለመሆኑ አንተ ምን እያደረግህ ነው?» አሉኝ።

«ላነሳት እየሞከርኩ ነው ሐጂ።»

«ማን አንሳት አለህ?»

ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። «እግርህን ደረጃ ላይ አድርገህ ስትወጣ ቤቱን ወደ አንተ ትስባለህ? አትስብም። አንተ ነህ የምትወጣው። ያቺን ብረት የሠራት ሰው ደረጃ አድርጎ ነው የሠራልህ። ውጣባት።»

ቶናው መጣ፣ ወሬው ወደ ሌላ ዞረ። ማታ ተኝቼ ግን ስለ ደረጃው ሳስብ አመሸሁ። እኔ 61 ኪሎ ነኝ። በእጄ ስስብ የምጠቀመው የክንዴንና የወገቤን ጉልበት ነው፤ እሱም ትንሽ ነው። ያቺ ብረት ላይ ብቆም ግን 61ዱም ኪሎ ከእኔ ጋር ይወርዳል፣ በነጻ። ደግሞ 249ኙን ሁሉ አይደለም የማነሳው። የፊቱ ጎማ መሬት ላይ ስለሚቀር የድርሻውን ይሸከማል።

ሰኞ

ሰኞ ገበያ ከመሄዴ በፊት አንድ ሰዓት ነበረኝ። በእጅ መሳብ የለም፣ መውጣት ብቻ ብዬ ጀመርኩ። ትልቅ ልዩነት አለው! ግን ሌላ ነገር ታየኝ። ስታንዷ ሁለት እግር አላት፣ ሁለቱም እኩል መሬት መንካት አለባቸው። መርገጫዋን ቀስ አድርገህ ስትጫን ሞተሯን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ለስለስ አድርገህ ትወዘውዛታለህ። ቀጭ፣ ቀጭ ይልሃል። አንዱ ግራው ነው፣ አንዱ ቀኙ። ሁለቱ ድምፆች እኩል ሲሆኑ ነው የምትወጣው። እኔ ጋ የሚሰማው አንድ ቀጭ ብቻ ነበር። ቅዳሜም እሑድም እንደዚያው ነበር ማለት ነው።

ምክንያቱ ስታንዱ አይደለም፣ ግቢው ነው። ደሴ ላይ ሜዳ ፍለጋ ከወርቅ ፍለጋ አይሻልም። ጦሳ ሥር የተሠራ ከተማ ነው፣ ቤቱም ግቢውም አንገቱን አዘንብሎ ነው የቆመው። የእኛ ግቢ ደግሞ ክረምቱን የጠጣው ውሃ ገና አልወጣለትም። ስታንዱ ሲጫን አንደኛው እግር ጭቃው ውስጥ ሁለት ጣት ይሰምጣል።

አቅጣጫም አለ፣ ይህን ባለማወቄ ነው የለፋሁት። ስታንድ ላይ ስትወጣ ሞተሯ ወደ ኋላና ወደ ላይ ነው የምትሄደው። አፍንጫዋ ወደ ቁልቁለት ከዞረ ወደ ኋላ ማለት ዳገት መግፋት ነው። እኔ ደግሞ ለመውጣት እንዲመቸኝ ሁልጊዜ አፍንጫዋን ወደ በሩ አዙሬ ነበር የማቆማት። በሩ ቁልቁል ነው። ከዚህም የባሰው፣ አፍንጫዋ ቁልቁል ዞሮ ብትወጣልኝ እንኳ ትንሽ ግፊት ካገኘች ከስታንዱ ተንሸራትታ ትወርድ ነበር። ትንሽ ሽቅብ ስታይ ግን ክብደቷ ራሱ ስታንዱን ይደግፈዋል።

በግቢው ውስጥ ልክ የሆነው ቦታ በረንዳው ፊት ያለው ሲሚንቶ ብቻ ነው። እማማ ገብስ የሚያሰጡበት፣ ምድጃም የሚያወጡበት ቦታ ነው። «እማማ፣ አንድ ሳምንት ብቻ» አልኳቸው። «ጭስ ከሌለው» አሉኝ። ተስማማን።

ሲሚንቶው ላይ ቀጭ ቀጩ ሁለት ሆነ። ወጣሁባት። እስከ መሐል መጣች። ከመሐል ተመለሰች።

ማክሰኞ

ዝናብ። መስቀል ካለፈ በኋላ እንዲህ መዝነቡ ምን ይባላል? ምንም አልሠራሁም።

ረቡዕ

ስታንዱን ፈታሁት። መካኒኩ «ይቀየር» ያለው ነገር እየከነከነኝ ስለነበር በዓይኔ ላየው ፈለግሁ። ሞተሯ በጎን ስታንዷ ቆማለች፣ ስለዚህ የመሐሉን ማውለቅ ችግር የለውም። ችግሩ ሞላው ነው። ስታንዱን ወደ ላይ ስቦ የሚይዘው ሞላ በእጅ አይለጠጥም። በፒንሳ ከያዝከው ደግሞ ካመለጠህ ጥርስ ያወልቃል።

አንድ የቆየ ብልሃት አለ። ስታንዱን ግማሽ ድረስ ታወርደዋለህ፤ ሞላው በጣም የሚለጠጠው እዚያ ላይ ነው። ቀለበቶቹ ሲከፋፈቱ በየክፍተቱ ሳንቲም ትሰካለህ። ከዚያ ስታንዱን ስትመልሰው ሞላው መሰብሰብ ያቅተዋል፣ ላላ ብሎ በእጅህ ይወጣል። እኔ የ1 ብር ሳንቲም ተጠቀምኩ። አሥራ አንድ ገባ። የሐጂ የልጅ ልጅ ሳንቲሞቹን አንድ በአንድ እያቀበለኝ «ሞተሯ ብር ትበላለች?» አለኝ። አዎ፣ ትበላለች፣ ገና ስታድግ ይገባሃል።

ሁለቱ ቡሎኖች ሲፈቱ ነገሩ ታየ። ስታንዱ የሚዞርበት ቦታ ደረቅ ነው። ግሪስ የሚባል ነገር የለም። ያለው ድንጋይ የሆነ አፈርና ዝገት ነው። በናፍጣ ዘፈዘፍኩት፣ በሽቦ ብሩሽ ፈተግሁት፣ በጨርቅ አደረቅሁት። ብረቱ ራሱ ምንም አልሆነም። አልተጣመመም፣ አልተበላም። «ይቀየር» ያለኝ ልጅ ተንበርክኮ እንኳ አላየውም ነበር።

ሐጂ ከጓዳ ግማሽ ቆርቆሮ አወጡልኝ። «ግራሶ ነው» አሉ። በሳቸው ዘመን ግሪስ ሁሉ ግራሶ ነው። ቀለሙ ጠቁሯል፣ ዕድሜው ከእኔ ሳይበልጥ አይቀርም። ግን ይሠራል። ቀባሁ፣ ገጠምኩ፣ ሳንቲሞቹን አወጣሁ። አሥር ናቸው። አሥራ አንደኛው የት እንደገባ የልጅ ልጅየው ያውቃል፣ አይናገርም።

ስታንዱ አሁን በአውራ ጣት ይወርዳል። ቅዳሜ በጫማዬ ተረከዝ እየደበደብኩ ነበር የማወርደው።

ጨልሞ ስለነበር አንዴ ብቻ ሞከርኩ። ከመሐል አለፈች። ልትደርስ አንድ ጣት ሲቀራት ተመለሰች። አንድ ጣት!

ሐሙስ

ጠዋት 2 ሰዓት ላይ እንደገና። ያቺው አንድ ጣት።

ሐጂ መቁጠሪያቸውን ይዘው በረንዳው ላይ ነበሩ። ዝም ብለው ብዙ ካዩ በኋላ «የኋላ ጎማህ ፆመኛ ነው እንዴ?» አሉ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ጎማው መሬት ላይ ሰፍሯል፣ ጎኑ ተነፍቷል። ይህን ሁሉ ቀን ሞተሯን እንጂ ጎማዋን አላየሁም! ከጎረቤቴ ከባጃጅ ሹፌሩ መለኪያ ተውሼ ለካሁት፤ 15። ብቻዬን ስነዳ የኋላው 36 ሊይዝ ይገባል።

አየር ያነሰው ጎማ ይሟሽሻል። ስለዚህ ሞተሯ ከኋላ ዝቅ ትላለች፣ ስታንዱ ላይ ለመድረስ የምትወጣው ከፍታ ይጨምራል። በማስመሪያ ስለካው ልዩነቱ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የእኔ አንድ ጣት እሷ ናት።

አሁን ችግሩን ተመልከቱ። ጎማው የት እንደሚተነፍስ ለማግኘት መዞር አለበት። ለመዞር ከመሬት መነሳት አለበት። ከመሬት ለመነሳት ስታንድ ላይ መውጣት አለበት። ስታንድ ላይ ለመውጣት አየር ያስፈልገዋል። አየር እንዳላስነፋ ደግሞ መብራት የለም፣ የጎሚስታው ኮምፕረሰር ተኝቷል።

«ታኮ አድርግላት» አሉ ሐጂ። ታኮ ለሾፌር የዕድሜ ልክ ጓደኛ ነው፤ ዳገት ላይ መኪና ሲቆም ረዳት ዘሎ ወርዶ ጎማ ሥር የሚያስገባው። እዚህ ግን ለማቆም ሳይሆን ከፍ ለማድረግ ነው። የኋላ ጎማው ጣውላ ላይ ከቆመ፣ ስታንዱ ግን ሲሚንቶውን ከረገጠ፣ መውጣት ያለባት ከፍታ በጣውላው ውፍረት ልክ ይቀንሳል።

መጀመሪያ ያገኘሁት ጣውላ 4 ሴንቲ ነበር። በጣም ቀላል ሆነ፤ ከልክ በላይ ቀላል። ስታንዱ ወረደ እንጂ ክብደቷን አልያዘም፣ አሁንም በጎማዋ ነው የቆመችው፣ ትወዛወዛለች። ቶሎ መለስኳት። ሁለተኛው ከአሮጌ አልጋ የወጣ 2 ሴንቲ ጣውላ ነው። ጫፉን በመጥረቢያ ጠረብኩትና ሞተሯን አስነስቼ በፍሪሲዮን ቀስ አድርጌ አወጣኋት። በእጅ ገፍቶ ማውጣት አይሞከርም።

ከዚያ ማርሹን ባዶ አደረግሁ። የፊት ፍሬኑን አልነካሁም፤ ወደ ኋላ መሄድ ስላለባት ፍሬን የያዝክ እንደሆነ ራስህን ነው የምትታገለው። የጎን ስታንዱን ዘርግቼ ተውኩት፣ ወደ እኔ ብትመጣ እንዲይዛት። መሪው ቀጥ። መርገጫዋን በጣቶቼ ሳይሆን በውስጥ እግሬ፣ ተረከዙ አካባቢ ረገጥኩ። ጫማዬም ዛሬ ወፍራም ነው፤ ቅዳሜ በሸበጥ ነበር የሞከርኩት፣ አሁን ስጽፈው ራሴን አፈርኩ። ቀጭ፣ ቀጭ። ሁለቱም አሉ። ዓይኔን ከእግሬ አንስቼ ፊት ለፊት አጥሩን አየሁ። ቀኝ እጄ መያዣውን ይመራል እንጂ አይስብም። ከዚያ ደረጃ እንደሚወጣ ሰው ግራ እግሬን ከመሬት አነሳሁ።

ወጣሁ። እኔ ወጣሁ፣ መርገጫዋ ወረደች፣ ሞተሯ ወደ ኋላ ሄዳ ድብ ብላ ተቀመጠች። ያ ሁሉ ክብደት አንድ ትንፋሽ አልፈጀም።

ለቀቅኳት። ቆመች። ቀጥ ብላ!

«ማሻአላህ» አሉ እማማ። ሐጂ መቁጠሪያቸውን ቀጠሉ።

የኋላ ጎማውን የሳሙና ውሃ እየቀባሁ አዞርኩት። ሦስት ዙር ሳልጨርስ ከጥርሱ መሐል አረፋ መጣ። ሚስማር። ራሱ ጠፍጣፋና አራት ማዕዘን ነው፣ ከጋሪ ፈረስ ኮቴ የወደቀ ይመስላል። የት እንደዋልኩ አሰብኩ። ባለፈው ወር ኮምቦልቻ ወርጄ ነበር፣ እዚያ መሆን አለበት።

ዓርብ

መብራት መጣ። ጎሚስታውን ቤት ድረስ አመጣሁት፣ ምክንያቱም ስታንድ ላይ የወጣችውን ሞተር ማውረድ ምን እንደሚመስል አላውቅም፣ ማወቅም አልፈለግሁም።

ከጎሚስታው ጋር ተከራከርን። የሷ ጎማ ቱብለስ ነው፣ ውስጥ ጎማ የለውም፣ ከላይ ብቻ ይደፈናል አልኩት። «ሽቦ ያለው ቸርኬ አየር አይዝም፣ የግድ ውስጥ ጎማ አለው» አለ። ልክ ነው፣ በሌሎቹ። የዚህችን ሽቦዎች ጎንበስ ብሎ እንዲያይ አደረግሁት። ሽቦዎቹ የቸርኬውን መሐል አይበሱም፣ ከጎማው ውጭ ባለው ጠርዝ ነው የታሠሩት። አየሩ ያለበት ክፍል ውስጥ አንድም ቀዳዳ የለም። ጣቱን እየሰደደ አንድ በአንድ ነካካቸው። «ጀርመን» አለ በመጨረሻ፣ ሌላ ቃል አልጨመረም።

ሚስማሩን ነቀለ፣ ቀዳዳውን ሞረደ፣ ሙጫ የተቀባ የጎማ ገመድ ሰካ፣ ትርፉን ቆረጠ። 36 ነፋን። የሳሙና ውሃ ደገምን። አረፋ የለም።

ከዚያ ያ የፈራሁት መጣ። አውርዳት።

ስለ ማውጣት ሳምንት ሙሉ ሳስብ ስለ ማውረድ አንድ ደቂቃ አላሰብኩም። ጣውላው አሁንም ከሥሯ ነው፣ አወጣሁት። በግራዋ ቆሜ መሪውን በሁለት እጄ ይዤ ወደ ፊት ገፋሁ። አልሄደችም። ጨመርኩ። ድንገት ሄደች፣ ከነክብደቷ! ጎማው ሲሚንቶውን ሲነካ ወደ ፊት ተንከባለለች፣ የእማማ ምድጃ ወዳለበት። እግዜር ይስጠው፣ ጎሚስታው የኋላ መያዣውን ይዞ አስቀራት።

ሁለተኛ ጊዜ በብልሃት አደረግሁት። የጎን ስታንዱ አስቀድሞ ይዘረጋል። ሁለት የቀኝ እጅ ጣቶች የፊት ፍሬኑ ላይ ይውላሉ፣ ሳይጨብጡ። ግፊያው አንድ ነው፣ አጭር፤ የኋላ ጎማው መሬት ሲነካ ፍሬኑ ይያዛል፣ ወደ ግራ ለቀቅ ስታደርጋት የጎን ስታንዷ ላይ ታርፋለች። ወደ ቀኝ እንዳታጋድል ብቻ ነው ጥንቃቄው፣ በዚያ በኩል ማንም የለህም።

ጣውላ ሳልጠቀም መልሼ አወጣኋት። አንድ ጊዜ። ቀጥ። ጎማው ሲሞላ ያ አንድ ጣት ጠፋ።

ከመጨለሙ በፊት አምስት ጊዜ አወጣሁ፣ አምስት ጊዜ አወረድኩ። ወገቤ ምንም አላለም። በነገራችን ላይ ከመቀመጫው በታች የኋላውን ሞላ የሚያጠነክር ክብ እጀታ አለ። ወደ ጠንካራው ስታዞረው ኋላዋ ከፍ ስለሚል ይቀልላል። ለነገሩ አያስፈልገኝም። ለከባድ ቀን ግን ልብ ብላችሁ ያዙት።

ዘይቱንም አየሁ። አሙቄ፣ አጥፍቼ፣ እማማ አቦሉን እስኪቀዱ ጠብቄ። በመስታወቷ ልክ መሐል ላይ ነው። ቅዳሜ አጋድላ ቆማ ሳያት ሞልቶ የተትረፈረፈ መስሎኝ ነበር። ልቀንስላት አስቤ ነበር እኮ!

እሑድ

ሐይቅ ወረድኩ። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ጠዋት ጉም ነበር፣ ቦሩ ሜዳን ሳልፍ ተገለጠ። ጎማው አላማረረም።

ሐይቁ ዳር ያለው ሣር ለስላሳ ነው፣ ስታንድ ይውጣል። ጣውላዬን ከኋላ አስሬ ይዤ ነበር፤ አሁን ግን ሥራው ተለወጠ፣ ከጎማው ሥር ሳይሆን ከስታንዱ እግሮች ሥር ነው የሚገባው፣ እንዳይሰምጥ። ከስታንዱ ሥር ሲገባ ስታንዱን ያረዝመዋል፣ ስለዚህ መውጫው ይከብዳል። ሁለት ጊዜ አቃተኝ። በሦስተኛው ጣውላውን በጭቃው ውስጥ በእግሬ ረግጬ እስኪስተካከል ቀበርኩት፣ ወጣች። ዓሣ የሚጠብሱት ልጆች ሥራ አቁመው ያዩኝ ነበር። አንደኛው መጥቶ «ወንድምዓለም፣ እኔ ልሞክር?» አለ። አልፈቀድኩም። አደራ ናት።

ፀሐዩ ጥሩ ስለነበር ፎቶ አነሳኋት። ውሃው ከኋላዋ፣ እሷ በመሐል ስታንዷ ቀጥ ብላ። በግራ በኩል ነው ያነሳኋት፣ ሆን ብዬ። ለባለቤቷ ላክሁለት፤ «ይኸው፣ ስታንድ ላይ ማውጣት ችያለሁ» ብዬ።

ወዲያው መለሰ።

«ጎበዝ! በግራ አንስተሃታል። እስቲ በቀኝ በኩልም አንሳት።»